የአብራሪ ጃኬት የሰፋንበት ዓመት

ባለፈው ወር ልጄን ልጠይቅ አዲስ አበባ ሄጄ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ዝናቡ ያባረረው አንድ ጎረምሳ ዘሎ ገባና ከጎኔ ተቀመጠ። የለበሰው ጃኬት ከውጭ ቡናማ ቆዳ፣ ከውስጥ የበግ ጠጉር ነው፤ ሰፊው ኮሌታ እንደ አንገት ልብስ ትከሻው ላይ ይተኛል። በስብሷል። የእርጥብ አጎዛ ሽታ መኪናዋን ሞላት። ከኋላ አንዲት ሴት "ኧረ መስኮት ክፈቱልን" አለች። እኔ ግን ሽታው ይዞኝ ሄዶ አምቦ፣ ስፌት ቤቴ በር ላይ ጣለኝ። ልጁ ስልኩ ላይ ሲያቀረቅር ጠብቄ የእጅጌውን ስፌት ሰረቅ አድርጌ አየሁት። የእኛ አይደለም። ቀና ሲል ዓይኔን ወደ ውጭ መለስኩ። ሰውን በጎን ማየት ጃኬት ከሰፋንበት ዓመት የተረፈኝ አመል ነው።

ስፌት ቤቴ ከገበያው ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ በፎቶ ቤትና በሙዚቃ ቤት መሃል ነበረች። ዳቦ ሁለት ብር ሳይገባ፣ ባጃጅ በዝርዝር ሳንቲም ከመናኸሪያ እስከ ደጃፌ ሲያደርሰኝ ማለቴ ነው። ዛሬ ለአንድ ዚፕ የምከፍለውን ያኔ ለሙሉ ሱሪ የእጅ ዋጋ እቀበል ነበር። ወጣቶቹ በሙሉ የአባቶቻቸውን ሰፋፊ ሱሪ እያመጡ "አጥብቢልን" የሚሉበት ጊዜ ነበር። አንዳንዱን ሲያጠብቁት ሳሙና ተቀብተው ካልሆነ የሚገባ አይመስልም። እናቶች ደግሞ በማግስቱ መጥተው "ምነው የሺ፣ ልጄን እግሩን አሰርሽብኝ" ይሉኛል። የመምህራን ሱፍ፣ የሙሽራ ሚዜ ከረባት፣ የተማሪ ዩኒፎርም፤ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ሙዚቃ ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ የኦሮምኛ ዘፈን ይለቅና፣ ዘፈኑ ሲፈጥን የስፌት መኪናዬን ፔዳል የምትረግጠው እግሬ ሳታውቀው ትፈጥናለች። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል። ምድር ቤቱ ሞባይል መሸጫ ነው።

ከእኔ ጋር የምትሠራው ጫልቱ ነበረች። የጉደር ልጅ ናት። ሟች ባሏ ኮርቻ ሰፊ ስለነበር ወፍራም ቆዳ የሚበሳውን ከባዱን መኪና ትቶላት ነው የሞተው። ሁለታችንም ባል የሞተብን፣ ሁለታችንም ወገባችንን የሚያመን፣ አንድ መብራት ሥር ፊት ለፊት የምንቀመጥ ሴቶች ነን። እኔ ከመርሐቤቴ መጥተው እዚህ የቀሩ ሰዎች የልጅ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው። ጫልቱ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች፣ እኔ በአማርኛ ጀምሬ በኦሮምኛ እጨርሳለሁ፤ መሃል ላይ እንገናኛለን። ሥጋ ዘመዶቼን የማልነግራቸውን ለእሷ እነግራት ነበር።

ደረጀ የሚባለው ሰውዬ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ አነጋገሩ የአዲስ አበባ፣ ጫማው ንጹሕ። የአምቦ ጭቃ ያልነካው ጫማ በክረምት ሳይ ደስ አይለኝም።

"እትዬ የሺ እርስዎ ነዎት?" አለኝ።

"ማን ላከህ?" አልኩት፤ እንደምን ዋልክ እንኳ ሳልለው።

"ማንም አልላከኝም። ጥሩ እጅ አላቸው ሲባል ሰምቼ ነው።"

"ማን ሲል?"

ሳቀና ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አንድ ያረጀ ጃኬት አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። የበግ ቆዳ ከነጠጉሩ ነው፤ ጠጉሩ ወደ ውስጥ፣ ቆዳው ወደ ውጭ። ኮሌታው ላይ ሁለት ጠፍር፣ ወገቡ ላይ ባለ ዘለበት ቀበቶ፣ እጅጌው ላይ እስከ ክርን የሚደርስ ዚፕ አለው። ድሮ በፈረንጆቹ ትልቅ ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን አብራሪዎች ይለብሱት የነበረ ነው አለን፤ ያኔ አውሮፕላን ማሞቂያ ስላልነበረው ሰማይ ላይ ብርድ ይገድላቸው ነበር። ውጭ አገር ያለ ሸሪኩ የዚህን ቅጂ አሰፍቶ ለሞተር ሳይክል ነጂዎችና አሮጌ ነገር ለሚወዱ ሰዎች ይሸጣል። ኮሌታውን ገልበጥ አድርጌ አየሁ። ከሥሩ በቀለም የተጻፈ ስም ነበር፤ ተፍቋል።

"ይሄን ማን ፋቀው?"

"ጊዜ ነዋ" አለኝ። መልሱ አልጣመኝም።

"ታዲያ አዲስ ሰፍታችሁ ሲያልቅ ያረጀ እንዲመስል ነው የምፈልገው" ሲል፣ ጫልቱ መኪናዋን አቆመች። "ማሊ? ምን? እኛ ያረጀውን አዲስ እናስመስላለን እንጂ አዲሱን እናስረጃለን እንዴ?"

"አዲሱን አሮጌ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ሌባ ነው" አልኩ እኔም።

"አሮጌ ነው ብለን አንሸጥም እትዬ። ገዢው ቅጂ መሆኑን ያውቃል። አውቆ ነው የሚገዛው።"

"ቅጂ መሆኑን እያወቀ የሚገዛ ሰው የት አገር ነው ያለው?"

"ብርድ አገር" አለና አሁንም ሳቀ።

አላመንኩትም፤ ሥራው ግን ሥራ ነው። ከሱሪ ማጥበብ ይሻላል ብለን ተቀበልን። መጀመሪያ እንጭኒ ገበያ ሄዶ ቆዳ ገዝቶ መጣ። የእኛ አገር በግ ጠጉሩ አጭርና ሉጫ ስለሆነ ለጃኬት አልሆነም። ቀጥሎ ከመንዝ በኩል የመጣ፣ ፋብሪካ ውስጥ የለፋ፣ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ አጎዛ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ አመጣ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት እረሳቸዋለሁ! መርፌ በየሰዓቱ ይሰበራል። ጠጉሩ ይበንና ቅንድባችን ላይ ይቀመጣል፣ ምሳችን ውስጥ ይገባል፣ ስንስቅ ያስለናል። ጫልቱ ቆዳውን በከባዱ መኪና በጥንድ መስመር ትሰፋለች፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ ኮሌታና ኪስ አገጣጥማለሁ። ሲያልቅ ክርኑንና ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እንፈገፍጋለን። "ይሄ ሰውዬ በዚህ ክርኑ ተደግፎ ዕድሜውን የፈጀ ነው" ትላለች ጫልቱ፤ አንዱን ጃኬት አንስታ ደግሞ "ይሄኛው ደግሞ ሚስቱ ናት ያስረጀችው።" የተሰቀሉትን ጃኬቶች በመስኮት ያየ መንገደኛ ሁሉ ገብቶ ይዳስሳል። አንዳንዱ "የማን ነው?" ይላል። ይህች ጥያቄ መጀመሪያ ላይ ጥያቄ ብቻ ነበረች።

ዘመኑ ሰው ሰውን የሚፈራበት ነበር። እንዲህ ሆነ፣ በዚህ ቀን ሆነ ብዬ አልጽፍም፤ ያየ ያውቀዋል። ኔትወርክ ሳይነገር ይጠፋል። ሱቅ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ዝጉ ያለው ማን እንደሆነ አይጠየቅም። ካኪ የመሰለ ነገር ገመድ ላይ ማስጣት እንኳ ያስፈራ ነበር። ደረጀ ደግሞ አይጠይቀው ነገር የለም። ከባኮ በቆሎ የሚያመጣው የጭነት መኪና በስንት ሰዓት ያልፋል? ጊንጪ መንገድ ክፍት ነው? ይሄ ጥግ ላይ የሚቆሙት ልጆች የማን ልጆች ናቸው? ቆዳውን፣ መኪናውን፣ መንገዱን በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ኔትወርክ ሲጠፋ ከከተማው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዞ ይቆማል። ይህን ሁሉ ዕቃ የሚልክ ነጋዴ ያደርገዋል። ሰላይም ያደርገዋል። ጫልቱ አንድ ቀን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "የሺ፣ ይሄ ሰው የበግ ለምድ ያመጣልን እሱ ራሱ ለብሶት ነው" አለችኝ። እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። እንዲያም ሆኖ መስፋታችንን ቀጠልን።

የጫልቱ ታናሽ ወንድም ሌሊሳ ይባላል። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው፤ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ስቆ የማይጠግብ። እህቱን ሊጠይቅ ጎራ ሲል ደረጀ አይቶት፣ "ወንድሜ፣ እስቲ አንዱን ልበስልኝ፤ ለደንበኛ የምልከው ሰው የለበሰው ፎቶ ያስፈልገኛል" አለው። ሌሊሳ ግራ ተጋብቶ ወደ እኔ አየ።

"ልበሰው፣ ያምርብሃል" አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

በር ላይ ቆሞ፣ ኮሌታውን አቁሞ፣ እንደ አብራሪ ሽቅብ እያየ ፎቶ ተነሳ። ሙዚቃ ቤቱ ያሉት ልጆች አጨበጨቡለት። ሳምንት ሳይሞላ ሌሊሳን ከቤቱ ወሰዱት። የት እንደወሰዱት የሚያውቅ የለም።

ጫልቱ በማግስቱ መጣች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ደረጀ አልነበረም።

"ፎቶውን ለማን ነው የላከው?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"አንቺ ነሽ ልበሰው ያልሽው።"

"ጫልቱዬ፣ እኔ ምን አውቄ…"

"ዱጋ? እውነት አታውቂም? ከመጣ ጀምሮ ማን ላከህ፣ ማን ላከህ ስትዪው የነበርሽው አንቺ አይደለሽም? ያወቅሽው ነገር ባይኖር ምን አስጠየቀሽ?"

እሷ እንደተጠራጠረችኝ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ ማለት ይቀላል። ከሰዓት በኋላ ጋሪ አምጥታ ከባዱን መኪና አስጫነች። ጎማው በድንጋዩ ላይ እየተንገጫገጨ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን የሚመልስልኝ ሰው ቀነሰ። "የሺ ለወታደር ልብስ ትሰፋለች" የሚል ወሬ ከገበያው ደረሰኝ። ሱሪ የሚያጠብቁት ልጆች ሌላ ቤት መሄድ ጀመሩ። በሬ ላይ የሆነ ሰው በከሰል የአውሮፕላን ሥዕል ሥሎበት አደረ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፣ ያኔ ግን ሰው ሳይወጣ ቶሎ ብዬ ነው ያጠብኩት።

ደረጀ ሲመጣ በሩን ዘግቼ አፋጠጥኩት። "የሌሊሳ ፎቶ የታለ?"

"ኔትወርክ ሳይጠፋ ለሸሪኬ ልኬዋለሁ። ለሌላ ለማንም አልሰጠሁም።"

"አሳየኝ።"

"በምን ላሳይዎት? ኢንተርኔት የለም። ያለቁትን ጃኬቶች ይዤ አዲስ አበባ ስገባ…"

"ስትገባ ትጠፋለህ።"

"እትዬ የሺ፣ እኔስ የማምነው ሰው አለኝ ብለው ነው? ሆቴሉ ያከራየኝን ክፍል ሦስቴ ፈትሸውብኛል። ምግብ ስበላ ዙሪያዬ ያሉት ወሬ ያቆማሉ።" ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አልራራሁለትም።

ጃኬቶቹ ከባኮ በቆሎ ጭኖ በሚያልፍ አይሱዙ እንዲሄዱ ተስማማን። ከመሄዱ በፊት በነበረው ምሽት ጫልቱ ቤት ሄድኩ። ከፈተችልኝ እንጂ ግቢ አላለችኝም። "ነገ ጠዋት ዕቃውን ይዞ ሊወጣ ነው። የአንቺም ልፋት ነው፣ ልንገርሽ ብዬ ነው" አልኳት። ለሌላ ለማንም አልነገርኩም፤ የምነግረውም ሰው አልነበረኝም።

ጠዋት ካርቶኖቹ በበቆሎው ጆንያ መሃል ተጭነው ደረጀ ከሾፌሩ ጎን ሲቀመጥ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በሬን ቆልፌ እኔም ጋቢና ወጣሁ። "በዓይኔ ካላየሁ አላምንም" አልኩ። ሾፌሩ፣ ጢሙ የሸበተ የባኮ ሰው፣ "አዴ፣ ዛሬ የእናት መንገድ አይደለም" አለኝ። "እናትም ስለሆንኩ ነው" አልኩት።

ጊንጪን አለፍ እንዳልን ድንጋይ መንገዱን ዘግቶታል። ወጣቶች ከሁለቱም ወገን ወጡ፤ ዱላና ድንጋይ ይዘዋል። ጆንያውን ከማየታቸው በፊት በቀጥታ ካርቶኖቹን ፈለጉ። አንዱን ቀደዱና ጃኬት አወጡ። "የማን ወታደር ልብስ ነው?" አለ አንዱ በኦሮምኛ። ሌላው ወደ ጋቢናው ጠጋ ብሎ፣ "ደረጀ ማን ነው? ገዲ ቡኢ! ውረድ!" አለ። ስሙን ያውቁታል። ደረጀ ወደ እኔ ተጠጋ። በሩ ተከፈተና እግሩን ያዙት።

ያ ሰው ሰላይ ነው ብዬ ያላመንኩበት ቀን አልነበረም። ደብድበው ቢጥሉት ሌሊሳ ይፈታ ይሆን የሚል ሐሳብም በአእምሮዬ አልፏል፤ አልዋሽም። እጄ ግን ከሐሳቤ ቀደመ። አንገቱን ጨምቄ ያዝኩትና "ኢልማ ኮቲ! ልጄ ነው! ልጄን የምትነኩ ከሆነ እኔን ግደሉኝ!" ብዬ ጮኽኩ። በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኽኩ። ሾፌሩ ወርዶ እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ "ሃዳ ኢሳቲ፣ እናቱ ናት፤ የአምቦ ልብስ ሰፊ ናት፣ አውቃታለሁ" አላቸው። ከወጣቶቹ አንዱ ትክ ብሎ አየኝ። የሆነ ዘመን ዩኒፎርም ሰፍቼለት ይሆናል፣ አላውቅም። "የምን ልብስ ነው አዴ?" አለኝ ለስለስ ብሎ። "ፈረንጆች ለሞተር ሳይክል የሚለብሱት ነው። እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ይኸው እጄን እዩት" ብዬ በመርፌ የተበሳሳውን ጣቴን ዘረጋሁለት። ድንጋዩን አነሱልን። አንድ ጃኬት ግን አልመለሱልንም።

ሆለታ ደረስን። ፍተሻ ላይ ወታደሮች አስወረዱን፤ እነሱም ጃኬት አንስተው "የማን ዩኒፎርም ነው?" አሉ። አሁን አየሁህ አልኩ በልቤ፤ አሁን መታወቂያ አሳይተህ እጅ ይነሱሃል። ደረጀን ግን ፀሐይ ላይ አንበርክከው ኪሱን ገለበጡት። ሲለቁት ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ነበር። እኔ እንኳ ያኔ፣ ይሄም ተውኔት ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። መጠራጠር አንዴ ከገባ እንደ ነቀዝ ነው፤ ጤነኛውን እህልም አያስበላም።

አዲስ አበባ ዕቃ ላኪው ቢሮ ገብተን ካርቶኖቹ ሲመዘኑና ሲታሸጉ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ደረጀ በቢሮው ውስጥ በምትሠራው ልጅ ኮምፒውተር ላይ የሸሪኩን መሸጫ ገጽ ከፈተልኝ። የስፌት ቤቴ በር አለ። ጃኬቱ አለ። የሌሊሳ ሰፊ ትከሻ አለ። ከአንገቱ በላይ የለም፤ ተቆርጧል።

"ፊቱስ?" አልኩ።

"ገዢ የሚያየው ልብሱን ነው፣ ፊት አይለጠፍም" አለ ደረጀ።

ልጅቷን እንግሊዝኛውን አንብቢልኝ አልኳት። "የድሮ የአብራሪ ጃኬት ቅጂ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በእጅ የተሰፋ አዲስ ልብስ" ይላል አለችኝ። እንግዲህ ይህንንስ አልዋሸም። ሲሸኘኝ አጎንብሶ ጉልበቴን ሊስም ሲል ከለከልኩት።

አምቦ ተመልሼ ለጫልቱ ያየሁትን ነገርኳት። "አንገቱን የቆረጡት እንዳናውቀው ነው" አለችና በሩን ዘጋችው።

ሌሊሳ ከወራት በኋላ ተፈታ። ከስቶ፣ ጸጉሩ ሳስቶ፣ ሳቁ ግን እንዳለ። ልጠይቀው ስገባ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ጫልቱ ፊቷን አላዞረችብኝም፣ ቦታም አልሰጠችኝም። ከሰዎቹ አንዱ፣ "በዚያ በጃኬቱ ፎቶ ነው አይደል የያዙህ?" ሲለው ሌሊሳ ደነገጠ። "የምን ጃኬት? ስለ ጃኬት የጠየቀኝ የለም። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ የተናገርኩትን ነው ቃል በቃል የነገሩኝ። ማን እንደወሰደላቸውም አውቃለሁ።"

"ማን ነው?" አለች ጫልቱ ብድግ ብላ።

"አልናገርም እህቴ። ሰኞ ተመልሼ ከእሱ ጋር ነው የማስተምረው።"

በማግስቱ ጋሪው ከባዱን መኪና ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሰማሁት። ጫልቱ ከኋላው ትሄዳለች። አስገባችው፣ ዘይት ቀባችው፣ ተቀመጠች። ይቅርታ አልተባባልንም። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስለ ክር ጥራት ብቻ ስናወራ ዋልን። ጃኬት ግን ደግመን አልሰፋንም። ደረጀ ኔትወርክ ሲመለስ ደውሎ፣ ገዢዎቹ ወደውታል፣ ሌላም ይፈልጋሉ ቢለኝ "አቅም የለንም" አልኩት። ዛሬም በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልልኛል፤ እናቴ ነው የሚለኝ። እወደዋለሁ። ነገር ግን "አምቦ እንዴት ነው?" ሲለኝ አሁንም ደህና ነው ብዬ ወሬ እቀይራለሁ።

ስፌት ቤቱ ሲፈርስ ሁለታችንም ሥራ ተውን። አሁን ከሰዓት ከሰዓት ጫልቱ ደጅ ተቀምጠን የልጅ ልጆቿን ልብስ እንጠግናለን። የእኔ ዓይን ደክሟል። ከአዲስ አበባ በተመለስኩ ማግስት፣ ሚኒባስ ውስጥ ስላየሁት ልጅና ስለ ጃኬቱ እንደ ቀልድ ነገርኳት። አልሳቀችም። ጨርቁን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

"የሺ፣ ለምን ጠይቀሽኝ አታውቂም?"

ምኑን ብዬ ያልገባኝ አላስመሰልኩም። ስንት ዓመት ሙሉ ይዤው የኖርኩት ነገር ነው። "መኪናው ያን ጠዋት እንደሚያልፍ ለጊንጪ ልጆች የነገርሽው አንቺ ነሽ?"

በመንገዱ ላይ ባጃጅ አለፈ። እስኪርቅ ጠበቀች።

"አንቺ አብረሽ እንደምትወጪ አላወቅኩም ነበር" አለችኝ።

እያለቀሰች ነበር። እኔም መርፌውንና ክሩን አቀበልኳት፤ አየችውና ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አስገባችልኝ።